«ፉል ከቨሬጅ» ያልሁት የመኪና መድኔ እኔን የማያሳክም ሆኖ ሲገኝ

ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ወር አንድ ምሽት፣ በምኖርባት በሜሪላንድ ግዛት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዊተን በሚወስደው የጆርጂያ አቬኑ መንገድ ላይ ስነዳ፣ ከፊት ለፊቴ ይመጣ የነበረ መኪና ድንገት ወደ ግራ ታጠፈብኝና ተጋጨን። አጠገቤ እናቴ፣ ከኋላ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ተቀምጠው ነበር። የእናቴ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ልጄ ከድንጋጤና የደኅንነት ቀበቶው ትከሻዋ ላይ ካወጣው ሰንበር በቀር ደኅና ነበረች። እኔ ደግሞ አንድ የጎድን አጥንቴ ተሰነጠቀ፤ አንገቴንም ለሳምንታት እንደ ልብ ማዞር አቃተኝ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ግጭቱ ለመተረክ አይደለም። በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ መኪና ውስጥ፣ በአንድ የመድን ውል ሥር የነበርን ሦስት ሰዎች ለሕክምናችን ሦስት የተለያየ መልስ የተሰጠን ስለ ምን እንደሆነ፣ ምክንያቱም ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ እኔው ራሴ ያኖርሁት ፊርማ እንደነበረ ለመናገር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ለመድን ድርጅቴ ስደውል ምንም ስጋት አልነበረብኝም። ጉዳዩን ለያዘችው ሠራተኛ «ፉል ከቨሬጅ ስላለኝ የሆስፒታሉን ሒሳብ ወዴት ልላክላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ ስትመለከት ከቆየች በኋላ፣ መኪናው ኮሊዥን በሚባለው የግጭት ሽፋን እንደሚሠራልኝ፣ ለኔ ሕክምና ግን በዚህ ውል የሚከፈል አንድም ዶላር እንደሌለ በትሕትና ነገረችኝ። ስህተት መስሎኝ ደግማ እንድታይልኝ ለመንኋት። ደግማ አየች፤ መልሱ አልተለወጠም።

«ፉል ከቨሬጅ» የሚለው አነጋገር በሁላችንም አፍ ያለ ቢሆንም በሜሪላንድ ሕግ ውስጥ የታወቀ ትርጉም ያለው የሽፋን ዓይነት አይደለም። ሰው ይህን ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማለት የፈለገው፣ ሕጉ ከሚያስገድደው የኃላፊነት መድን በተጨማሪ ለገዛ መኪናው የግጭትና የስርቆት ሽፋን መግዛቱን ነው። የኃላፊነት መድን፣ ማለትም ላያቢሊቲ የምንለው፣ በሜሪላንድ ቢያንስ ለአንድ ተጎጂ 30,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች ሁሉ በድምሩ 60,000 ዶላር፣ ለንብረት ደግሞ 15,000 ዶላር መሆን አለበት። እነዚህን ቁጥሮች ከዓመት ዓመት በካርዴ ላይ እያየሁ «ለሕክምና ሠላሳ ሺህ አለኝ» ብዬ አስብ ነበር። ገንዘቡ ግን እኔ ባጠፋሁ ጊዜ እኔ ለጎዳሁት ሰው የሚከፈል እንጂ ለኔ የሚከፈል አይደለም። የግጭት ሽፋኑ ብረቱን ያስጠግናል፤ የስርቆት ሽፋኑ የተሰረቀውን ይተካል፤ መድን የሌለው ሰው ቢገጨኝ የሚደርስልኝ ሌላ ሽፋን አለ፤ እርሱም የሚሠራው ያ ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ነው። ማን አጠፋ ሳይባል በመኪናዬ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አካል የሚያሳክመው ዋናው ሽፋን ሌላ ነው፤ ስሙም ፐርሰናል ኢንጁሪ ፕሮቴክሽን፣ በአጭሩ ፒ.አይ.ፒ. ይባላል።

የሜሪላንድ ሕግ መድን ሰጪው ይህን ሽፋን ቢያንስ በ2,500 ዶላር መጠን ከውሉ ጋር እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። መጠኑ የግዴታ መድን ሥራ ላይ ከዋለበት ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ አልተለወጠም፤ በዚያን ዘመን ብዙ ያሳክም የነበረው ገንዘብ ዛሬ በድንገተኛ ክፍል አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው እንኳ ላይበቃ ይችላል። ቢሆንም በትንሽነቱ የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡ ለእያንዳንዱ ተጎጂ የሚቆጠር ስለሆነ፣ በመኪናው ውስጥ አራት ሰዎች ቢጎዱ ለአራቱም ለየራሳቸው እስከ 2,500 ዶላር ይከፈላል፤ መኪናው የገጨው እግረኛም የዚሁ ተጠቃሚ ነው። የሐኪም፣ የሆስፒታል፣ የአምቡላንስ፣ የጥርስና የፊዚዮቴራፒ ወጪ አደጋው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ የወጣ ከሆነ ይሸፈናል። በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ የቀረ ሰው ካጣው ደመወዝ 85 በመቶው የሚተካለትም ከዚሁ ገንዘብ ነው። ደመወዝ የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ቤት የምትይዝ እናት፣ እርሷ ታከናውነው የነበረውን የቤት ሥራ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሲሠራው ወጪው ይታሰብላታል።

ታዲያ ሕጉ ካስገደደ እኔ ዘንድ ለምን አልነበረም? ሕጉ መድን ሰጪውን ሽፋኑን እንዲያቀርብ ቢያስገድደውም፣ ዋናው መድን ገቢ በጽሑፍ እስከተወው ድረስ እንዲገዛ አያስገድደውም። በእንግሊዝኛ ዌቨር የሚባለው የመተዊያ ቅጽ ይህ ነው። ውሉን በኢንተርኔት የገዛሁ ዕለት፣ ምሳ ሰዓቴ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ዋጋውን ለመቀነስ እያንዳንዱን መስመር እያነሳሁና እየጣልሁ ነበር። ፒ.አይ.ፒ.ን ስጥለው የስድስት ወሩ ዓረቦን በ41 ዶላር ወረደ። «በሥራ ቦታዬ የጤና መድን ስላለኝ ይህ ድርብ ክፍያ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በመጨረሻ ላይ ከመጡት አምስት ስድስት ሰነዶች መካከል የመተዊያው ቅጽ እንደነበረበት፣ በላዩም ምን እንደምተው በግልጽ ተጽፎ እንደነበር ከአደጋው በኋላ ከኢሜይሌ ቆፍሬ አውጥቼ ሳነበው ነው ያወቅሁት። ስለዚህ አታለሉኝ ለማለት አልችልም፤ ሳላነብ ፈርሜአለሁ። ቅጹ አንድ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ ውሉ በታደሰ ቁጥር እየተሻገረ የሚቀጥል እንጂ በየስድስት ወሩ እንደገና የሚጠየቅ ባለመሆኑ፣ ለአራት ዓመት አስታውሼው አላውቅም። በእነዚያ ስምንት እድሳቶች ያተረፍሁት በድምሩ 328 ዶላር ነበር።

ከዚህ በኋላ የሰማሁት ነገር ግን እስካሁን ያስደንቀኛል። መተዊያው የሚያስረው ሁሉንም ተሳፋሪ አይደለም። የሚያስረው ስማቸው በውሉ ላይ የሰፈረውን መድን ገቢዎች፣ በአሽከርካሪነት የተመዘገቡትን፣ እንዲሁም በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ 16 ዓመት የሞላቸውን የቤተሰብ አባላት ነው። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው፣ ማለትም ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅና በእንግድነት የተሳፈረ ሁሉ፣ መድን ገቢው ሽፋኑን ቢተወውም እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ጥበቃው አይለየውም። በአንዳንድ ድርጅቶች ወረቀት ላይ ይህ የተወሰነ ሽፋን «ጌስት ፒ.አይ.ፒ.» ተብሎ ይጻፋል፤ በኔም ላይ የተጻፈው እንዲሁ ነበር፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ፒ.አይ.ፒ. የሚለውን ብቻ እያነበብሁ አለኝ ብዬ ሳልፍ ኖሬአለሁ። እንግዲህ ዓረቦኑን የከፈልሁት እኔ ባዶ እጄን ስቀር፣ ለልጄ የድንገተኛ ክፍል ምርመራ በአንድ ወር ውስጥ ያለ አንዳች ክርክር ተከፈለ።

በእናቴ ጉዳይ ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። እናቴ በጎብኚ ቪዛ እኛን ልትጠይቅ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗት ነበር፤ የጤና መድንም አልነበራትም። ሠራተኛዋ አድራሻዋን ስትጠይቀኝ የቤቴን አድራሻ ሰጠኋት፤ ሌላ ምን ልላት እችል ነበር? ከሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ እናቴ በመድን ገቢው ቤት የምትኖር ዕድሜዋ ከ16 በላይ የሆነ የቤተሰብ አባል በመሆኗ መተዊያው እርሷንም እንደሚያስራት ይገልጻል። በዚያን ሰሞን እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ሕመሟን ትታ «ልጄን ዕዳ ውስጥ ከተትሁት» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም ያለኝን ማስረጃ ሁሉ ሰበሰብሁ፦ የፓስፖርቷንና የመግቢያ ማኅተሙን ቅጂ፣ የተፈቀደላትን የመቆያ ጊዜ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከአደጋው በፊት የተገዛውን የደርሶ መልስ ትኬት፣ እንዲሁም ቋሚ መኖሪያዋ አዲስ አበባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ከቀበሌ የተሰጠ መታወቂያዋን ከነትርጉሙ አያይዤ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ማደርና በአንድ ቤት ውስጥ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን በሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት በእንግዳነቷ ተቀበሏትና 2,500 ዶላሩ ተከፈለ። በዚህ የተማርሁት፣ ወላጅ ለጥየቃ የመጣበት ሰው በአደጋ ጊዜ አድራሻ ሲጠየቅ «በአሁኑ ጊዜ ያረፈችው እኔ ዘንድ ነው፤ ቋሚ መኖሪያዋ ግን ይህ ነው» ብሎ ሁለቱን ለይቶ መናገር እንዳለበት ነው። እውነቱን ሙሉ አድርጎ መናገር እንጂ ነገር ማጣመም አይደለም።

የእናቴ የሆስፒታል ሒሳብ ከ2,500 ዶላሩ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ለቀሪው የረዳን የሆስፒታሉ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። የሜሪላንድ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ታካሚ የሚሆን የድጋፍ መመሪያ እንዲኖራቸውና ለታካሚው እንዲያሳውቁ በሕግ ይገደዳሉ፤ እኛ ግን ማመልከቻውን ያገኘነው ጠይቀን ነው። ሒሳቡ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ከመሄዱ በፊት መጠየቁ ብዙ ያቃልላል።

ወደ ራሴ ልመለስ። በኔ ውል ባይከፈለኝ ሌላኛው አሽከርካሪ በተቃራኒው ታጥፎ ስለገጨኝ የእርሱ መድን ይከፍለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ይህ ተስፋ በሁለት ምክንያት ደካማ ነበር። አንደኛ፣ የሌላው ወገን መድን ሒሳብ በመጣ ቁጥር እየተቀበለ የሚከፍል አይደለም፤ ሕክምናው አልቆ፣ ክርክሩም ተቋጭቶ፣ መብትን ሁሉ የሚያስቀር የመልቀቂያ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚከፍል ነው። የሆስፒታሉ ሒሳብ ግን ይህን ሁሉ ወር አይጠብቅም። ሁለተኛውና የከፋው ምክንያት፣ ሜሪላንድ ተጎጂው ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣ የሚከለክለውን የቆየ ሕግ እስካሁን ይዘው ከቀሩት ጥቂት ግዛቶች አንዷ መሆኗ ነው። በሌሎች ብዙ ግዛቶች አሥር በመቶ ያጠፋ ሰው ካሣው በአሥር በመቶ ይቀነስበታል፤ በሜሪላንድ ግን አንድ በመቶ ያጠፋ ሰው ሁሉን ያጣል። የሌላው ወገን መርማሪ አንድ ምስክር «መብራቱ ወደ ቢጫ ከተለወጠ በኋላ ፈጥኖ ገባ» ማለቱን ጠቅሶ፣ ለአደጋው እኔም አስተዋጽኦ አድርጌአለሁ በማለት ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረገው። መብራቱ በርግጥ ቢጫ ነበረ፤ ፈጥኜ ነበር ወይ ለሚለው በሐቀኝነት የምመልሰው የለኝም። ጠበቃ አማክሬ፣ ጉዳቴ ከሙግቱ ወጪና ከውጤቱ አጠራጣሪነት ጋር ሲመዘን ክስ እንደማያዋጣኝ ነገረኝ። በኔ ላይ የተባለው ጥፋት ለተሳፋሪ ስለማይተላለፍ ግን እናቴ በሌላው አሽከርካሪ ላይ ያላት መብት አልተነካም፤ የእርሷ ጉዳይ ከአሥራ አራት ወር በኋላ በስምምነት ተዘግቷል። የተከፈላት የፒ.አይ.ፒ. ገንዘብም ከዚህ ላይ አልተቀነሰባትም፤ በሜሪላንድ መድን ሰጪው በዚህ ሽፋን የከፈለውን መልሶ ከተጎጂው ካሣ ላይ የመጠየቅ መብት የለውም።

ለኔ የቀረልኝ በሥራ ቦታዬ ያለው የጤና መድን ብቻ ነበር። ድርብ ክፍያ ብዬ ፒ.አይ.ፒ.ን የጣልሁት እርሱን ተማምኜ ነበርና፣ ምን ያህል እንደጠቀመኝ በቁጥር ልናገር። የጤና መድኔ ዲዳክተብል፣ ማለትም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እኔ ከኪሴ የምከፍለው፣ በዓመት 3,000 ዶላር ነው። ዲዳክተብል በየጥር ወር ከዜሮ ስለሚጀምር በየካቲት የተጎዳ ሰው ገና ምንም አልተቀነሰለትም። ለድንገተኛ ክፍል፣ ለምስል ምርመራና ለፊዚዮቴራፒ ከኪሴ የወጣው 2,910 ዶላር ደረሰ። ከሥራ የቀረሁት ሦስት ሳምንት ነው፤ በሳምንት 1,150 ዶላር ስለማገኝ ያጣሁት 3,450 ዶላር ሆነ፤ የጤና መድን ደግሞ ለጠፋ ደመወዝ ምንም አይከፍልም። ትንሹ ሽፋን እንኳ ቢኖረኝ 2,500 ዶላር ይመለስልኝ ነበር። ከፍ ያለው የ10,000 ዶላር ፒ.አይ.ፒ. ቢኖረኝ ኖሮ ደግሞ 2,910 ዶላር ለሕክምና፣ ከደመወዜም 85 በመቶው 2,932 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በድምሩ 5,842 ዶላር ከ50 ሳንቲም አገኝ ነበር። ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ 328 ከሚለው ቁጥር ጎን ጽፌ ለባለቤቴ ሳሳያት፣ ምንም ሳትናገር ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠለቅ ብዬ ስከታተለው ሰዎች ሽፋኑ እያላቸው እንኳ እንደማይጠቀሙበት አየሁ። ብዙዎች «ክሌም ካደረግሁ ዋጋዬን ይጨምሩብኛል» ብለው ይፈራሉ። በሜሪላንድ ሕግ ግን መድን ሰጪው በፒ.አይ.ፒ. በቀረበ ጥያቄ ወይም በተፈጸመ ክፍያ ምክንያት ዓረቦን ሊጨምር አይችልም። ጥፋተኛ የሆነም አሽከርካሪ ይህን ገንዘብ የማግኘት መብት አለው፤ የጤና መድን ስላለውም አይቀነስበትም። አንድ ዘመዴ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቆይቶ፣ አደጋ ከደረሰበት አሥራ አራት ወር ካለፈ በኋላ በሰው ምክር ሲያመለክት ዘገየህ ተባለ። ውሎች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እንዲቀርብ ያዝዛሉ፤ በሌላው አሽከርካሪ ላይ ክስ ለማቅረብ ያለው የሦስት ዓመት ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰውም ሁለቱን እያደባለቀ ይጎዳል። ስለዚህ ሕመሙ ቀላል ቢመስልም የማመልከቻውን ቅጽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠይቆ መሙላት ይገባል።

ማስረጃ ሲቀርብ የሚላከው ሆስፒታሉ «ይህን ያህል ይክፈሉ» ብሎ የሚልከው የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አገልግሎት ከነዋጋው የተዘረዘረበት ሒሳብ ነው። ለደመወዝ ደግሞ ተጎጂው ከሥራ እንዲቀር ያዘዘ የሐኪም ማስረጃና አሠሪው የሚሞላው ቅጽ ያስፈልጋል፤ በግሉ የሚሠራ ሰው የግብር ማስታወቂያውን ያቀርባል። ማስረጃው ተሟልቶ ከቀረበ በኋላ ክፍያው በሠላሳ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ካለፈ በወር አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ይህን በደብዳቤ ላይ ጠቅሶ መጻፍ ለመልሱ መፍጠን እንደሚረዳ በእናቴ ጉዳይ አይቻለሁ። መድን ሰጪው ያለ በቂ ምክንያት ቢከለክል፣ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን ለሚባለው የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

ሌላው በተግባር የሚጠቅም ነገር ገንዘቡ ለየትኛው ወጪ ይዋል የሚለው ነው። በድንገተኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ሕመም ላይ ላለ ሰው ከሚሰጡት ወረቀቶች አንዱ የመድን ክፍያው በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንዲሄድ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። ጥሩ የጤና መድን ያለው ሰው ይህን ሳይፈርም ቢቀር፣ የሆስፒታሉን ሒሳብ ወደ ጤና መድኑ መርቶ፣ ውሱን የሆነውን የፒ.አይ.ፒ. ገንዘብ ሌላ የሚተካው ለሌለው ለጠፋው ደመወዙና ለዲዳክተብሉ ሊያውለው ይችላል። እንደ እናቴ የጤና መድን የሌለው ሰው ግን ገንዘቡ በቀጥታ ለሆስፒታል ቢሄድለት ይሻላል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው አረጋውያን ደግሞ በመኪና አደጋ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍለው የመኪናው መድን እንጂ ሜዲኬር አለመሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው። በኡበርና በሊፍት ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ነገር ላክል፤ የግል ውል አብዛኛውን ጊዜ መተግበሪያው ክፍት ሆኖ ሥራ ላይ በሆኑበት ሰዓት አይሠራም፤ ስለዚህ ለዚያ ሰዓት ምን ሽፋን እንዳላቸው ለይተው ይጠይቁ።

እኔ ከአደጋው በኋላ በስድስተኛው ሳምንት መተዊያውን በጽሑፍ ሰረዝሁ። ለመሰረዝ ከአንድ አጭር ደብዳቤ በቀር የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። 2,500 ዶላሩ እንደ ድሮው በስድስት ወር 41 ዶላር፣ 10,000 ዶላሩ ደግሞ 79 ዶላር መሆኑ ሲነገረኝ ሁለተኛውን ያዝሁ። ዋጋው እንደ ሰውየውና እንደ መኪናው ስለሚለያይ የሌላ ሰው ከዚህ ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። መድን ሰጪው «መተዊያውን ካልፈረምህ ውል አልገባም» ሊል በሕግ ስለማይፈቀድለት፣ ማንም ቢሆን ለመጠየቅ መፍራት የለበትም። በዚያው ቀን መድን በሌለው ወይም ገጭቶ በሚያመልጥ ሰው ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውንም ሽፋን ከግዴታው 30,000 ዶላር ከፍ አደረግሁት።

በየግዛቱ ያሉ ዘመዶቼን ሁሉ ይህን ስነግር፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ሕግ እንኳ ከኛ እንደሚለይ ተገነዘብሁ። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ የሕክምና ሽፋን መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የሚፈልግ ሰው ሜድ ፔይ የሚባለውን ጨምሮ ይገዛል። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ፒ.አይ.ፒ. በፈቃድ የሚገዛ ሲሆን፣ ከአደጋ በኋላ ተጎጂው በስድሳ ቀን ውስጥ በእርሱ ለመጠቀም መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም ሌላውን ወገን የመክሰስ መብትን ሊያጠብ ስለሚችል ሳይታሰብበት የሚደረግ አይደለም። በሚኒሶታ ግዴታው ጠንካራ ነው፤ ቢያንስ 40,000 ዶላር፣ ከዚህም 20,000ው ለሕክምና፣ 20,000ው ለጠፋ ገቢና ለመሳሰለው ነው። ሲያትል ያሉት በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ቢያንስ 10,000 ዶላር የሕክምና ሽፋን ሊቀርብላቸው ይገባል፤ በኮሎራዶ 5,000 ዶላር ሜድ ፔይ፣ በቴክሳስ ደግሞ 2,500 ዶላር ፒ.አይ.ፒ. በውሉ ውስጥ ይገባል፤ በሦስቱም ቦታ ሽፋኑ የሚቀረው መድን ገቢው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ፣ አልፈልግም ሲል ነው።

ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግረው «ጋሼ፣ እኔ ምንም ነገር በጽሑፍ አልፈልግም ብዬ አላውቅም» አለኝ። ዲክላሬሽን የሚባለውን የውሉን የመጀመሪያ ገጽ እንዲያወጣና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ኃላፊነቱን አነበበ፣ ግጭቱን አነበበ፣ ስርቆቱን አነበበ፤ ፒ.አይ.ፒ. ከሚለው መስመር ሲደርስ ትንሽ ዝም አለና፣ ትይዩው ላይ የተጻፈው «መድን ገቢው አልፈለገውም» የሚል መሆኑን ነገረኝ። ኢሜይሉን ሲፈትሽ ከሦስት ዓመት በፊት ያኖረውን ፊርማ አገኘው። በማግሥቱ ጠዋት ደውሎ ሽፋኑን አስገብቷል።